ክራባት ያሰሩ ካህናት

አያቴ እንግሊዝኛ ሲናገሩ የሚሰማቸው ሰው ግራ ይገባዋል። አማርኛቸው የሸዋ ነው፤ እንግሊዝኛቸው ግን የፈረንሳይኛ ቃና አለው። ፈረንሳይ ግን ረግጠው አያውቁም። ቃናውን ያገኙት አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አጠገብ፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ እዚያ ሲማሩ አስተማሪዎቻቸው ከካናዳ፣ ከኩቤክ የመጡ የካቶሊክ ካህናት ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ ስላደግሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማስላት ጣቶቼን መቁጠር አለብኝ፤ ይቅር በሉኝ።)

ስለዚህ ትምህርት ቤት የምጽፈው አያቴን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነሳውን ክርክር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። የዕንቁጣጣሽ ዝግጅታችን እንደ ሁልጊዜው በጸሎት ይከፈት ወይስ አይከፈት? አንዷ እህታችን «እኔ ሙስሊም ነኝ። በየዓመቱ የሌላ ሰው ጸሎት እስኪያልቅ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለች። አንድ ወንድማችን ደግሞ «እሱንም ካወጣነው ምን ቀረን? ሀበሻነታችንስ?» አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። እኔ ግን አምባሻዬን እየቆረስኩ ዝም ብዬ አመሸሁ። አሁን የምለው አለኝ፤ ያገኘሁትም ከአያቴ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው።

ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1925 ነው። ያሠሩት ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት፣ ራስ ተፈሪ ናቸው። የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እኚህ ሰው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በልጅነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው ሕንድ አገር ያደጉ፣ እዚያው ሕክምና የተማሩ፣ ጎልማሳ ሆነው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። ውጭ አገር አድጋ ነርሲንግ ለምትማር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አንድ የቆየ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ከየት ይምጣ? ማንስ ያስተምር? በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የካህናቱ ስጋት «የፈረንጅ አስተማሪ የልጆቻችንን ሃይማኖት ይለውጣል» የሚል ነበር። መፍትሔው ከግብፅ የኮፕት ክርስቲያን አስተማሪዎችን ማምጣት ሆነ። ዕውቀቱ የውጭ፣ እምነቱ የኛው። ይህ አንዱ የመተማመኛ መንገድ ነው፦ የኛ ሰው ከሆነ እናምነዋለን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1936 ጣልያን አዲስ አበባን ያዘ። በየካቲት 1937 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማው በተደረገው እልቂት የተማረው ወጣት ተለይቶ ታደነ። በ1941 ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ የቀራት የተማረ ሰው ጥቂት ነበር፤ የሚያስፈልጋት ግን እጅግ ብዙ። ንጉሠ ነገሥቱ አስተማሪ ፍለጋ ወደ ብዙ አገር ተመለከቱ። በ1945 ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ያስረከቡት ግን ለኩቤክ ኢየሱሳውያን፣ ማለትም ለጀስዊቶች ነው።

የዚህ ነገር ክብደት መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አያቴ «ልጄ፣ ታሪክ አታውቂም እንዴ?» ብለው አስረዱኝ። በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት የመለሷቸው እነዚሁ ኢየሱሳውያን ናቸው። በኋላም አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ ከነሱ ወገን መጥቶ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ አዘዘ። አገሩ እርስ በርሱ ተፋጀ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ዙፋኑ ለልጃቸው ለፋሲል ሆነ፤ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። እንግዲህ አስቡት። ከ300 ዓመት በኋላ፣ ያውም የጣልያን ወረራ ቁስል ገና ሳይሽር፣ አንድ የኦርቶዶክስ ንጉሥ የዚያኑ ማኅበር ሰዎች ጠርተው «ልጆቻችንን አስተምሩልን» አሉ።

ልዩነቱ ውሉ ላይ ነው። ኢየሱሳውያኑ የተጠሩት ላይሰብኩ፣ የማንንም ልጅ ሃይማኖት ላያስለውጡ፣ የካህን ልብስም ላይለብሱ ነው። ትምህርት ቤቱም የካቶሊክ አልሆነም። የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ የሚመሩት ብቻ ካቶሊኮች ነበሩ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ስለ ውጭ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌም ከዚህ የሚቀራረብ ሐሳብ ነበረው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በተስፋፋችባቸው አካባቢዎች ሚሲዮኖች ሆስፒታልና ሃይማኖት የማይሰብክ ትምህርት ቤት መክፈት ይችላሉ፤ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጣት ግን አይችሉም። ይህ ሁለተኛው የመተማመኛ መንገድ ነው፦ የኛ ሰው ባይሆንም ገደቡን ካከበረ እናምነዋለን።

አያቴ አዳሪ ተማሪ ነበሩ። ስለ አስተማሪዎቻቸው ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ክራባታቸውን ነው። «ካህን መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ማታ ለብቻቸው እንደሚጸልዩም እናውቃለን። እኛ ፊት ግን ክራባት ያሰረ የሒሳብ አስተማሪ ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ አያቴ በልጅ ድፍረት አንዱን አስተማሪ «ለምን ቀሚስ አይለብሱም?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ሳቀና «የቤት ሥራህን ሠርተሃል?» አለው። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነበር። አያቴ ጾማቸውን እየጾሙ ገብተው ጾማቸውን እየጾሙ ወጡ፤ ቅኔ ማሕሌት የቆሙ ሰው ናቸው ዛሬም። ነገር ግን የትምህርት ቤታቸው ስም ከተነሳ የነዚያ ካቶሊኮች ስም ከአፋቸው አይጠፋም።

ውሉ ፍሬ አፈራ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም እንዲመሩት የተሾሙት ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጡት ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ከአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት የአገሪቱ የመጀመሪያ ኮሌጅ መሪ ወጣ ማለት ነው። ተማሪዎቹም የተነገራቸውን ብቻ የሚደግሙ አልሆኑም፤ በታኅሣሥ 1960 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የንጉሡ ስም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተነሥቶ እንጦጦ ተባለ። አያቴ እስካሁን «እንጦጦ የሚባል ትምህርት ቤት አልተማርኩም» ይላሉ። ዛሬ ግቢው ወንዱም ሴቱም ሙያ የሚማርበት ኮሌጅ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ባለፈው ሴሚስተር ለልምምድ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት ተኝተው ነበር። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዩኒፎርም ለብሼ፣ ባጄን አንጠልጥዬ፣ «እንዴት አደሩ እማማ?» ስላቸው ፊታቸው በራ። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ትራሳቸውን አስተካከልኩ፤ ስወጣ ከልቤ «እመቤቴ ማርያም ትማርዎት፤ ጸበልም እናመጣልዎታለን» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ በጣም በትሕትና «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። ስማቸው ክርስቲያኑም እስላሙም የሚጠራበት ስም ስለነበር አልጠረጠርኩም። እውነቱን ልናገር፣ ስሙ ሌላ ቢሆንም አላስብም ነበር። ለኔ ሀበሻ ማለት እናቴ ቤት ማለት ነው።

አልተቆጡኝም። ኋላ ግን ውኃ ሲፈልጉ ደወሉን ተጭነው የመጣችው ሌላ ነርስ ነበረች፤ እሷን በምልክት ሲያናግሩ አየኋቸው። አማርኛ የምትችል ልጅ በኮሪደሩ ላይ እያለች! ያን ዕለት አንጀቴ ተቃጠለ። የተናገርኩት ክፉ ቃል አልነበረም፤ ምርቃት ነበር። ነገር ግን እሳቸው ጋውን ለብሰው፣ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከአልጋው መውረድ አይችሉም። እኔ ቆሜያለሁ፣ እሳቸው ተኝተዋል። ምርቃቴን «አልፈልግም» ለማለት የሚያስችል አቅም ያኔ አልነበራቸውም።

የኩቤኮቹ ክራባት ትርጉም የገባኝ ያኔ ነው። ገደቡ የተበጀው እምነት አሳፋሪ ስለሆነ አይደለም። ተነሥቶ መሄድ የማይችል ሰው ፊት ስለምንቆም ነው። የ12 ዓመት አዳሪ ልጅ ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ እንጀራውም ፈተናውም በአስተማሪው እጅ ነው። የታመመች እናትም እንደዚያው። ሥልጣን ያለው ሰው በጎ ነገር እንኳ ሲሰጥ የሚቀበለው ሰው «አይ» ማለት መቻሉን ማረጋገጥ አለበት። ማረጋገጥ ካልቻለ ለራሱ ይያዘው።

«ታዲያ ይህ ማስመሰል አይደለም?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ካህናቱ ካህን መሆናቸውን አልደበቁም፤ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያልተጠቀሙበት ክህነታቸውን ነው። መደበቅና አለመጠቀም ይለያያሉ።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ ያነሡትም ሴት አያቴ ናቸው። አያቴ ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያወሩ እሳቸው ቡናውን እየቆሉ «እኛን ማን ጠራን?» ይላሉ። እውነት ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1931 ተከፍቶ ነበር፤ ግን አዲስ አበባ ነው፣ ሴት አያቴ ደግሞ ገጠር ነበሩ። ፊደልና ዳዊት ተምረው በዚያው ቀሩ። ሃይማኖትን በር ላይ ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ሴት ልጅንም በር ላይ አስቀምጧታል። ውሉንም የጻፉት ንጉሥ ናቸው፤ ተማሪውን ማንም አልጠየቀም። ስለዚህ «የድሮ ትምህርት ቤት ወርቅ ነበር» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከድሮው የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለማያምንህ ሰው ልጅ ልትታመን እንደምትችል ያሳየውን ያን ገደብ።

ወደ ማኅበራችን ስመጣ፣ እኛ ሆስፒታልም አዳሪ ትምህርት ቤትም አይደለንም፤ ማንም ተነሥቶ መሄድ ይችላል ትሉ ይሆናል። እስቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበራችሁበትን መስከረም አስታውሱ። በዚህ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ስማችሁን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው ያገኛችሁት የት ነው? እኔ ያገኘሁት እዚህ ነው። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ያን ቀን በሩ ላይ የማላውቀው ጸሎት ቢጠብቀኝ ኖሮ ቆሜ እጠብቅ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ አልመጣም ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ሰው ሳይናገር እንደቀረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ሥራ በዝቶባት ነው» እያልን አልፈናል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ዝግጅቱ በማንም ጸሎት አይከፈት። በእንኳን አደረሳችሁ፣ በአበባዮሽ፣ በቡና ይከፈት። መጸለይ የሚፈልግ ከዝግጅቱ በፊት የሚጸልይበት ክፍል እንያዝ፤ ለኦርቶዶክሱም፣ ለጴንጤውም፣ ለካቶሊኩም፣ ለሙስሊሙም። ምግቡ ላይ የጾምና የፍስክ፣ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ለወንድማችን ጥያቄም መልሴ ይህ ነው፦ «ምን ቀረን?» ስትል፣ ያቺ እህታችን ቀረችልን።

ይህን ጽሑፍ ለአያቴ በስልክ አነበብኩላቸው። ስለ ሴት አያቴ የጻፍኩት ላይ ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሲያልቅ «ጸሎቱን ታስቀሩታላችሁ ማለት ነው?» አሉ፤ ደስ እንዳላላቸው ያስታውቃል። «አይ አባባ፣ ቤት እንጸልያለን» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ በዚያ በኩቤክ እንግሊዝኛቸው «ጉድ» አሉ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሰው «የቤት ሥራሽንስ ሠርተሻል?» አሉኝ።