ድንጋዩን ያከበረው ማን ነው?

ድንጋይ በራሱ አይከብርም። የሚያከብረው ሰው ነው፤ አስቀድሞ በክንዱ፣ ቀጥሎም በቃሉ። ይህ ግልጽ ሐቅ ሆኖ ሳለ ስለ ከበሩ ድንጋዮች የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛው ነገር የተገላቢጦሹን ያስተምራል። ሰንፔር ጥበብን፣ መረግድ ተስፋን፣ አልማዝ ታማኝነትን «ይሰጣል» ይባላል። ድንጋዩ ሰጪ፣ ሰው ለማኝ ይሆናል። ከገደል ውስጥ ቆፍሮ ያወጣው፣ ቆርጦ ያለሰለሰው፣ ትርጉሙንም የፈጠረለት ሰው ከታሪኩ ይፋቃል። ይህ የዋህ ተረት አይደለም፤ ተጠቃሚ ያለው ትምህርት ነው።

ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ለማወቅ የአልማዝን ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ አልማዝ በብዛት መገኘት ሲጀምር፣ የገበያው መጥለቅለቅ ዋጋውን እንዳይጥልባቸው የሠጉ ባለ ካፒታሎች ማዕድን ማውጫዎቹን በአንድ እጅ ጠቅልለው ለመያዝ ተሽቀዳደሙ። በሴሲል ሮድስ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1888 የተቋቋመው የደ ቢርስ ኩባንያ የዚህ እሽቅድምድም ውጤት ነው። በኪምበርሊ ጥቁሮቹ ሠራተኞች ውላቸው እስኪያልቅ ድረስ በታጠረ ግቢ ተዘግተው ይኖሩ ነበር፤ ሲወጡም ድንጋይ ውጠው እንደሆነ ይመረመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ለኩባንያው በሚሠራ የማስታወቂያ ድርጅት የተቀጠረች ጸሐፊ አልማዝን ዘላለማዊ የሚያደርግ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የፍቅር ጽናት በቀለበት ድንጋይ ይለካ ጀመር። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላቩዋዚዬ አልማዝ እንደ ከሰል የሚነድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1772 አሳይቶ ነበር። ዘላለማዊ የተባለው ድንጋይ ይቃጠላል፤ እስካሁን ያልተቃጠለው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ለየወሩ የተመደበው «የልደት ድንጋይ»ም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ጥንታዊ ለመምሰል በኦሪት ዘጸአት የተነገሩትን የአሮንን 12 የደረት ድንጋዮች ይጠራል። ዛሬ የሚታወቀው ዝርዝር ግን በአብዛኛው የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ዝርዝሩን ያወጣው ነቢይ ሳይሆን ነጋዴ ነው ማለት ነው።

ቃል እንደሚያከብር ሁሉ ያዋርዳል። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ኦፓል ጠበል ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል፤ ባለቤቲቱም ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ኦፓል ገደ ቢስ ነው የሚለው ወሬ በአውሮፓ መስፋፋቱና ገበያውን መጉዳቱ በድንጋይ ነጋዴዎች ዘንድ እስካሁን ይወሳል። ድንጋዩ አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው ስለ እርሱ የተነገረው ነው።

የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሸዋ መዘዞ አካባቢ የተገኘው ኦፓል ብዙው የሚሰነጠቅ በመሆኑ በዓለም ገበያ መጥፎ ስም አተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ በደላንታ ወገል ጤና የተገኘው ኦፓል በጽናቱ የተለየ ቢሆንም ያንኑ ስም ተሸክሞ ገበያ ገባ። ውኃ ሲነካው ጠጥቶ እንደ መስተዋት ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይህ አስደናቂ ጠባዩ በአንዳንዶች አንደበት ጉድለት ተባለ። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ ጠጪነቱን ተጠቅመው በቀለም እየነከሩ፣ በጭስ እያጠቆሩ በሌላ መልክ ይሸጡታል። ከወሎ የሚወጣው ጥሬ ድንጋይ በብዛት የሚቆረጠው በሕንድ፣ በጃይፑር ከተማ ነው። ቆርጦ የሚሸጠውም፣ ስም የሚያወጣለትም ሌላ ነው።

የደላንታ ገበሬ ድርሻስ? ድንጋዩ ያለው በገደሉ ወገብ በተዘረጋ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ውስጥ ነው። ወጣቱ ዶማውን፣ መዶሻውንና መሮውን ይዞ በገደሉ ጠርዝ ተንጠላጥሎ ይወርዳል፤ በደረቱ እየተሳበ ዋሻ ይፈለፍላል። ዋሻው ተንዶ የቆፋሪዎችን ሕይወት የቀጠፈባቸው ጊዜያት አሉ። በውጭ አገር መስኮት የሚያብለጨልጨው ቀለበት ይህን አይናገርም። ድንጋይ አፍ የለውምና።

አፍ ያለው ደራሲ ነው። ታዲያ እርሱ ምን ሲያደርግ ቆየ? በየሽልማቱ መድረክ ድምፃዊውንም፣ ተዋናዩንም፣ ሰዓሊውንም «የኪነ ጥበብ ዕንቁ» እያለ ያሞግሳል። አልማዝን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ወላጆች ሴት ልጃቸውን አልማዝ ብለው ቢጠሩ ምኞታቸው ነውና አይነቀፉም። ዕንቁ ከሚወጣበት አገር ተቀምጦ የዕንቁን ቆፋሪ የማያውቅ ባለ ብዕር ግን ከነቀፋ አያመልጥም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ስለ ሩቁ አልማዝ የነጋዴን ቃል ያስተጋባል፤ ስለ ቅርቡ ኦፓል ዝም ይላል።

«የጥበብ ሰው ውበትን ያወድስ፤ ገበያውን ለነጋዴ፣ ጉድጓዱን ለማዕድን መሥሪያ ቤት ይተው» የሚሉ አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች ደራሲን ያከበሩ መስሏቸው ያዋርዱታል። አንድ ዐረፍተ ነገር የአልማዝን ገበያ ካቆመ፣ አንድ ልብ ወለድም የኦፓልን ስም ካጎደፈ፣ ብዕር ከገበያው ውጭ ቆሞ አያውቅም። ምርጫው ለማን ይጻፍ የሚለው ብቻ ነው። ዝምታም ቢሆን ወገን አለው፤ የሚያገለግለውም ርካሹን ጥሬ ድንጋይ ገዥ ነው።

ተምሳሌት ይቅር ማለት አይደለም፤ ከእውቀት ይነሣ ማለት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአውስትራሊያ የነበሩ ሳይንቲስቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ የኦፓል ኅብር ከቀለም እንደማይመጣ አረጋገጡ። የድንጋዩ አካል ቀለም አልባ ከሆኑ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች የተሠራ ነው። እንክብሎቹ በመጠን እኩል ሆነው በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃንን ከፋፍለው ያንጸባርቃሉ፤ ድርድሩ ከተዘበራረቀ ኅብሩ የለም። ብቻውን የማያበራ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲሰለፍ ግን ቀስተ ደመና የሚሆን ነገር! ስለ ሕዝብ ለሚጽፍ ባለቅኔ ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይፈለጋል?

ስለዚህ መምህሩ የከበሩ ድንጋዮችን ሲያስተምር ጥንካሬያቸውንና ቀለማቸውን ብቻ ሳይሆን ከማን ክንድ እንደወጡ፣ ትርጉማቸውንም ማን እንደጻፈው ያስተምር። የቲያትር ጸሐፊው የደላንታን ዋሻ ወደ መድረክ ያምጣ። ሰዓሊው ከቀለበቱ በፊት የቆፋሪውን እጅ ይሣል። የባህል ኃላፊውም ከዐውደ ርዕይ ባሻገር ወጣቶች ድንጋይ መቁረጥና ማለስለስ የሚማሩበት ሥፍራ እንዲኖር ይሟገት። ድንጋዩ ለሚሊዮን ዓመታት በወሎ ገደል ውስጥ ያለ ዋጋና ያለ ስም ተኝቶ ነበር። ያከበረው ሰው ነው፤ ክብሩም ለሰው ይመለስ።