አፈር በመልኩ አይገዛም

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የንግድ ዕቃ ሁሉ ምንነቱ ተለይቶ ሲገዛና ሲሸጥ ለሻጩም ለገዢውም ክብር ነው። ቡና ተቀምሶ፣ ሰሊጥ ተበጥሮ ደረጃው ሲወሰን፣ በማዕድንነት የሚሸጥ አፈር ግን በዓይን ታይቶና በእጅ ታሽቶ ብቻ ዋጋ የሚቆረጥለት ጊዜ አለ። ይህም ለኪሣራ በር የሚከፍት ልማድ ነው።

ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ፣ የተፈጨ ጄሶ፣ ጠመኔና ታልክ በከረጢት ውስጥ ሲታዩ ሁሉም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ጥቅማቸው ግን የተለያየ ነው። ለሳህንና ለስኒ ፋብሪካ በካኦሊን ስም የገባው አፈር፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጠው ስሜክታይት በብዛት ቢገኝበት፣ የተሠራው ዕቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ክሱም ወደ አስመጪው ይመለሳል።

የኬሚካል ምርመራ ብቻውን ይህን ክርክር አይቆርጥም። ሲሊካው ይህን ያህል ነው ቢል፣ ከካኦሊኑ ይሁን ከተቀላቀለው አሸዋ የመጣ መሆኑን ለይቶ አይናገርም። ይህን የሚለየው የራጅ ጨረር ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ማክስ ፎን ላውየ ጨረሩ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበተን አስረዳ፤ ብራግ የተባሉት እንግሊዛውያን አባትና ልጅም የአተሞችን አደራደር የሚለኩበትን መንገድ አግኝተው በ1915 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፤ አፈሩ ልሞ ይፈጭና ጨረሩ ይላክበታል። የእያንዳንዱ ማዕድን ንብርብር ርቀቱ የራሱ ስለሆነ፣ ጨረሩ የሚመለስበት ማዕዘን የማዕድኑን ማንነት ያሳውቃል። የካኦሊን ንብርብር ርቀት 0.7 ናኖሜትር ያህል ነው። ስሜክታይት ግን ኤቲሊን ግላይኮል የተባለውን ፈሳሽ ሲጠጣ እስከ 1.7 ናኖሜትር ድረስ ስለሚሰፋ ሊሸሸግ አይችልም። የንግድ መጋዘን በመረሬ መሬት ላይ የሚያሠራ ሰውም፣ ግድግዳው ከመሰንጠቁ በፊት የአፈሩን ጠባይ በዚሁ ምርመራ ሊያውቅ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ሁሉን አያይም። እጅግ ጥቂት የሆነ ቅልቅል ሊያመልጠው ይችላል፤ እንደ መስተዋት ሥርዓት የሌለውን አካልም በስም አይለይም። ስለዚህ የኬሚካሉ ምርመራ አብሮት ይሂድ እንጂ አይቅር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የናሙናው ታማኝነት ነው። ጥቂት ግራም ዱቄት ስለ ሙሉ ጭነት የሚመሰክር በመሆኑ፣ ከላይኛው ከረጢት ብቻ የተዘገነ ናሙና ሐሰተኛ ምስክር ነው። ስለዚህ ናሙናው ከብዙ ከረጢት ተወስዶና ተደባልቆ በሦስት ይከፈል፤ ታሽጎም አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ለገዢ፣ ሦስተኛው ለገላጋይ ይቀመጥ። የማዕድኑ ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም የምርመራው ስልት በውሉ ላይ ይጻፍ። የምርመራው ወጪ የሚከብደው ነጋዴ ቢኖር፣ ከወደብ የሚመለስ ጭነት ከዚያ የበለጠ እንደሚከብድ ሊዘነጋ አይገባውም።