ለጅብም ለእንግዳም የሚጮህ ውሻ

«ፈጣን ከሆነ ይበቃል፤ ትክክለኛነት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይህን የሚሉት ደግሞ ጀማሪዎች አይደሉም፤ አለቆቻችን ናቸው።

ነገሩ ስለ ፖይንተር ነው። በሲ ቋንቋ ኮድ የጻፈ ሰው ያውቀዋል፦ ፖይንተር ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው ያለበትን የሜሞሪ አድራሻ ይይዛል። ሁለት ፖይንተሮች አንድ አድራሻ ከያዙ፣ አንዱ ያጠፋውን ሌላው አያውቅም። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ሳያስኬዱ ኮዱን ብቻ አንብበው «ይሄ ፖይንተር ወዴት ወዴት ሊያመለክት ይችላል?» ብለው የሚመረምሩ መሣሪያዎች አሉ። ፍጹም መልስ አይገኝም፤ ከራይስ የ1953 ቲዎረም ወዲህ ይህ ያለቀ ጉዳይ ነው። መሣሪያው እንዳያመልጠው ሲል አብዝቶ ይገምታል። ጥያቄው ምን ያህል ያብዛ ነው።

ላርስ አንደርሰን በ1994 ኮፐንሃገን ላይ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ «ሀ = ሰ» የሚል መስመር ሲገኝ «ሰ» የሚያመለክተው ሁሉ ለ«ሀ» ይሰጣል፤ የ«ሀ» ግን ወደ «ሰ» አይመለስም። ቢያርኔ ስቴንስጋርድ በ1996 ሁለቱን ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸው። የሱ መንገድ የሚፈጀው ጊዜ ከኮዱ ርዝመት ጋር እኩል ይሄዳል ማለት ይቻላል። የአንደርሰን ግን በከፋው ጊዜ ኮዱ እጥፍ ሲሆን ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ ምርጫው ግልጽ ይመስላል። ግን አንድ ቀን ለጎረቤታችሁ ጨው ስላዋሳችሁ ብቻ የጎረቤታችሁ ዕዳ ሁሉ በእናንተ ስም ሲጻፍ አስቡት።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት ቡድን ርካሹን መንገድ የሚከተል መሣሪያ ነበረው። ጠዋት ስንገባ በመቶ የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ይጠብቀናል። ምክንያቱ ያስቃል። ሁላችንም ሜሞሪ የምንጠይቀው በአንዲት ትንሽ ፈንክሽን በኩል ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ ዕቃዎችን የሚለየው ሜሞሪው በተጠየቀበት የኮድ መስመር ነው። መስመሩ አንድ ስለሆነ የደንበኛው ስም፣ ከኔትወርክ የመጣው ፓኬት፣ የሎግ ፋይሉ ጽሑፍ፣ ሁሉም ለሱ አንድ ዕቃ ነበሩ። አንዱን ስንለቅ ሁሉም የተለቀቀ ይመስለዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ የኛው ግን ጅብም ሲመጣ፣ እንግዳም ሲመጣ፣ ነፋስም ሲነፍስ የሚጮህ ነበር።

መጀመሪያ አንድ በአንድ አነበብናቸው። ቀጥሎ በጨረፍታ። በኋላ አለቃችን ችላ የሚባሉት ማስጠንቀቂያዎች በዝርዝር ይጻፉ አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ እውነት ነበር፦ የተለቀቀ ሜሞሪን ተመልሶ የሚያነብ ኮድ። ፕሮግራሙ የወደቀው ደንበኛው ጋ ነው። ሁለት ቀንና ሌሊት ፈለግነው። የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር ለካ እኔው በጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እና መሣሪያው ርካሽ ነበር? ለኮምፒውተሩ፣ አዎ። ሂሳቡ ግን ወደ እኛ ዓይን ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ሁሉም ነገር ጥግ ድረስ ይመርመር አልልም። እያንዳንዱን የፈንክሽን ጥሪ ለብቻው እንከታተል ካልን የጥሪ መንገዶቹ እየተባዙ ማሽኑ ሜሞሪ ያልቅበታል። የኛ በሽታ ግን ያቺን አንዲት ፈንክሽን ብቻ በየጠሪዋ በመለየት ይድን ነበር። ደግሞ ትክክለኛነት አንዳንዴ ያፈጥናል! አንድ የተሳሳተ ግምት ከገባ በየፖይንተሩ እየተገለበጠ ይባዛል፤ መሣሪያውን የሚያደክመው ይህን ውሸት ተሸክሞ መዞሩ ነው። «ለትልቅ ኮድ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ሃርድኮፍና ሊን በ2007 ያሳተሙትን ያንብቡ፤ የአንደርሰንን መንገድ ሚሊዮን መስመር ለሚያልፍ ኮድ አድርሰውታል። ብዙዎቻችን በየቀኑ የምናስነሳው ጂሲሲ ኮምፓይለር እንኳ የሚሠራው በአንደርሰን ዓይነት ነው።

ይህንን ሁሉ ያን ሰሞን ለአለቃችን ነግሬዋለሁ። «መሣሪያውማ አስጠንቅቋል፤ ያላነበባችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላነበብኩትም። ከሱ በላይ የተደረደሩትን ሦስት መቶ ውሸቶች ግን አንብቤያለሁ።