4 ግራም ወርቅ በ3.7 ሚሊዮን ፓውንድ! ገንዘቡ የሚከፈለው ለምኑ ነው?

መስከረም 2018 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ወርቅ ያለው ሁሉ ወደ ሚዛን ሮጠ። ግን ሚዛን የማይዳኘው ወርቅም አለ፦ የጥንቱ የእስልምና ዓለም ዲናር።

በ2011 እ.ኤ.አ ለንደን ላይ አንድ የኡመያ ሥርወ መንግሥት ዲናር በጨረታ 3.72 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። በ2019 የዚሁ ዓይነት ሌላ ዲናር እዚያው ከተማ በ3.7 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ክብደቱ ስንት ነው? 4 ግራም ከሩብ አካባቢ። ቢቀልጥ በ4 ሺህ ዶላር ሂሳብ 550 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ የተረፈው ሚሊዮን የምን ዋጋ ነው? የጽሑፉ።

ኸሊፋ አብዱልመሊክ በ77 ዓመተ ሂጅራ የሰው ምስል የሌለበት፣ በሃይማኖታዊ ጽሑፍ ብቻ የተሞላ ዲናር አስቀረጹ። ከዚያ በኋላ የወጡት የኡመያ ዲናሮች ዓመታቸውን ይናገራሉ፤ ቦታቸውን ግን አብዛኞቹ አይናገሩም። ለንደን የተሸጠው የ105 ዓመተ ሂጅራ (723 እ.ኤ.አ) ዲናር ግን ወርቁ ሒጃዝ ውስጥ ካለው የኸሊፋው ማዕድን መውጣቱን ይናገራል። ሒጃዝ ማለት መካና መዲና ያሉበት ምድር ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢው የሚገዛው ወርቅ ሳይሆን መረጃ ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል። ሳንቲም በድብቅ ተቆፍሮ ሲወጣ የት፣ ከምን ጋር፣ በምን ዕቃ ውስጥ እንደነበር የሚናገር አይኖርም። ግማሽ ታሪኩ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ተቃራኒውን እንይ። በ2015 እ.ኤ.አ እስራኤል ውስጥ በጥንታዊቷ የቂሳርያ ወደብ የሚዋኙ ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ላይ ወርቅ አገኙ። መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ለቅርስ ባለሥልጣኑ አሳወቁ። ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሳንቲሞች ወጡ፤ አብዛኞቹ በፋጢሚዶቹ ኸሊፋዎች በአል-ሃኪምና በልጃቸው በአል-ዟሂር ዘመን የተቀረጹ። አንድ ላይ ስለተገኙ ባለሙያዎቹ ትልቁን ጥያቄ መጠየቅ ቻሉ፦ ወደ ግብፅ የሚሄድ ግብር ነበር ወይስ የወታደር ደሞዝ? ሳንቲሞቹ አንድ በአንድ ለነጋዴ ተቸርችረው ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይኖርም ነበር።

ይሄ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አክሱም ከዲናር በፊት የራሷን የወርቅ ሳንቲም ትቀርጽ ነበር፤ ገበሬ ዝናብ ባጠበው ማሳው ላይ የጥንት ሳንቲም ማግኘቱም አዲስ ነገር አይደለም። ያቺ ሳንቲም መንገድ ላይ በርካሽ ስትሸጥ የሚያተርፈው ገበሬው አይደለም፤ የመጨረሻው ሻጭ ነው።

የጥንት ሳንቲም የሚገዛ ሰው ስለዚህ "ስንት ነው?" ከማለቱ በፊት "ከየት መጣ? ወረቀቱስ?" ይበል። መልስ ከሌለ፣ ወይ ሐሰተኛ ነው ወይ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ማሳችሁ ላይ አንድ ብታገኙ ለማን ታሳያላችሁ?