ከጎራዴው በፊት እንጨቱ

ዛሬ ስለ ኳስ ብዙም አልጽፍም። አትቆጡኝ፤ ጉዳዩ የተነሳው ከኳስ ሜዳ ዳር ነው።

ሐረር ሄጄ ሳለ አንድ ቅዳሜ ወደ ድሬ ጠያራ ወጣ ብዬ ነበር። ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ከሶፊና ከኤረር ጋር የገጠሮቹ ወገን። (ጠያራ በአካባቢው ሰው አፍ አውሮፕላን ማለት ነው። እኔ ያየሁት ግን ኳስ ሲበር ብቻ ነው።) እረፍት ሲሆን ተጫዋቾቹ ጥላ ፍለጋ ሄዱ፣ ሜዳውን የያዙት ደግሞ ከአስራ ሶስት እስከ አስራ ስድስት ዓመት የሚሆኑ ልጆች ናቸው። የማሽላ አገዳ ይዘው ይፋለማሉ። አገዳው ሲሰበር ይስቃሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። ምን አለፋችሁ፣ ከመጀመሪያው አጋማሽ ጨዋታ ይልቅ የእነሱ ደስ ይል ነበር።

ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ከበቡኝ። አንደኛው ከማዳበሪያ ውስጥ አንድ ነገር መዘዘና "አቦ፣ እይልኝማ ይሄን ካታና" አለኝ። ተቀበልኩት። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው፣ በአንድ በኩል በድንጋይ ተስሏል፣ እጀታው ላይ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተጠምጥሞበታል። ጫፉ ከበደኝ። እጀታው ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ሌላ ቁራጭ ነው፤ በብየዳ የተቀጠለ። ልጁ አስራ አምስት ዓመቱ ነው።

ጥያቄው ወረደብኝ። "የሳሙራይ ጎራዴ አዲስ አበባ የት ይሸጣል?" "ከዩቲዩብ ብቻ መማር ይቻላል?" "ኬንዶና የሳሙራይ ፍልሚያ አንድ ነው?" "እንጨት ይዞ መለማመድ የህፃን አይደለም እንዴ?" እዚያው የመለስኩት አለ፣ ከተመለስኩ በኋላ አንብቤ ያረጋገጥኩትም አለ። ግን የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ምክንያቱም ይህን የሚያስበው የድሬ ጠያራው ልጅ ብቻ አይደለም። በየከተማው ያሉ አንዳንድ የማርሻል አርት አሰልጣኞችም እንደዚያው ያስባሉ።

የዚህ ጸሐፊ አቋም አጭር ነው። የጀማሪ የመጀመሪያ ጥያቄ "ጎራዴ ከየት ላግኝ?" መሆን የለበትም። ብረቱ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት አሰልጣኝ አለ፣ ከዚያ በፊት እንጨት አለ። እንጨቱን ዘሎ ስለት ለልጅ የሚያስይዝ ሰው አሰልጣኝ ሊባል አይገባም።

እስኪ ጃፓኖቹ ራሳቸው ምን አደረጉ? በጎራዴ የሚታወቁት እነሱ አይደሉ? በድሮ ጊዜ ልምምዱ "ቦኬን" በሚባል የእንጨት ጎራዴ ነበር፤ ቦኩቶም ይሉታል። ከጠንካራ የኦክ እንጨት ይሰራል፣ ርዝመቱ ወደ 102 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቅርፁ እንደ እውነተኛው ጎለጎል ያለ ነው። ግን እንጨት ስለሆነ መጫወቻ ነው ያለ ተሳስቷል። ሚያሞቶ ሙሳሺ የሚባለው ዝነኛ ጎራዴኛ እ.ኤ.አ. በ1612 ሳሳኪ ኮጂሮን በአንዲት ደሴት ላይ የገደለው በእንጨት እንደሆነ፣ እንጨቱንም ከጀልባ መቅዘፊያ እንደጠረበው ይተረካል። ቦኬን አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ሁለት ሰው ቦኬን ይዞ ሲለማመድ ዝም ብሎ አይከታከትም፤ ማን እንደሚሰነዝር፣ ማን እንደሚመክት አስቀድሞ የታወቀ "ካታ" የሚባል ቅደም ተከተል አለው፤ ምቱም ገላ ሳይነካ ይቆማል።

ይህ አልበቃቸውም። በሙሉ ጉልበት እየተማቱ ሳይጎዳዱ መለማመድ ፈለጉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከአራት የቀርከሃ ስንጣሪ የሚሰራውን "ሺናይ" ከመከላከያ ልብሱ ጋር አዳበሩት። የዛሬው ኬንዶ የመጣው ከዚያ ነው። ተጋጣሚው ባለ ብረት ፍርግርግ የፊት መከላከያ፣ የእጅ ጓንት፣ የደረት መከላከያና የወገብ መሸፈኛ ያደርጋል። ነጥብ የሚቆጠረው ጭንቅላት፣ የእጅ አንጓ ወይም ጎን ተመትቶ፣ አለያም ጉሮሮ ላይ ተወግቶ ነው። እኛ ሜዳ ላይ ሺንጋርድ ያላደረገ ተጫዋች ዳኛ አያስገባም አይደል? እዚያ ደግሞ ጀማሪ መከላከያውን እስኪለብስ ድረስ ወራት ይፈጅበታል፤ መጀመሪያ አረማመዱን፣ አያያዙንና ባዶ አየር መምታቱን ይለማመዳል።

ለኳስ ወዳጆች የምትጥም አንዲት ነገር ልንገራችሁ። በኬንዶ ሶስት ዳኞች ቀይና ነጭ ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፣ ቢያንስ ሁለቱ ከተስማሙ ነጥብ ነው። ቫር የለም። ጨዋታው አምስት ደቂቃ ነው፣ ሁለት ነጥብ ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ነጥብ አግኝቶ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ የጨፈረ ተጫዋች ግን ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል! ማልያ አውልቆ መሮጥማ የማይታሰብ ነው። ከመታህ በኋላም ንቁ ሆነህ መቆየት አለብህ ይላሉ፣ ያ ሁኔታ ራሱ የነጥቡ አካል ነው። የእኛ አጥቂዎች በዚህ ህግ ቢጫወቱ ስንት ጎል ይሰረዝ ነበር?

ጃፓን አትሸነፍም ያለም ካለ ይስማ። የኬንዶ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1970 ቶኪዮ ላይ ተጀመረ፣ በየሶስት ዓመቱ እንዲካሄድም ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ታይፔይ ላይ አሜሪካ ጃፓንን በወንዶች ቡድን ግማሽ ፍፃሜ አሸነፈች፣ ዋንጫውን ደቡብ ኮሪያ ወሰደች። ጎራዴን ከጃፓን ውጭም መማር ይቻላል ማለት ነው። ተገቢው መንገድ ከተያዘ።

"ኬንዶና የሳሙራይ ፍልሚያ አንድ ነው?" ላለኝ ልጅ ደግሞ፣ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ኬንዶ ውድድር ነው። "ኢያይዶ" የሚባለው ብቻህን ቆመህ ወይም ተንበርክከህ ጎራዴ ከአፎቱ መምዘዝ፣ መሰንዘርና መመለስ የምትማርበት ነው፤ እሱም ቢሆን ጀማሪ የሚይዘው "ኢያይቶ" ነው፤ ስለት የሌለው፣ ሊሳልም የማይችል የልምምድ ጎራዴ። ከሁለቱም የሚቀድሙ የድሮ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የእነሱም በር እንጨት ነው። ጎራዴ ታጥቆ በአደባባይ መሄድ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1876 በአዋጅ ተከልክሏል። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያውቅም።

አሁን ወደ ቤታችን። "እንጨት የህፃን ነው" የሚለው ነገር የእኛም ባህል አይደለም። ጉግስን እዩት። ፈረሰኛው የሚሰነዝረው ጦር ነው እንዴ? በትር ነው! አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። አባቶቻችን ለጦርነት ሲዘጋጁ ጦሩን ቤት ትተው በበትር ይለማመዱ ነበር። ዛሬም እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የምናየው ጨዋታ ይኸው ነው። የልምምድ መሳሪያ ማለት ይህ ነው፤ ስሙ ጃፓንኛ ስላልሆነ ነው የማናየው። ድሬ ጠያራም እኮ አገዳ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ሳያውቁት ትክክለኛውን መሳሪያ መርጠው ነበር፤ ያበላሸው ከማዳበሪያው የወጣው ብረት ነው።

ሐረር ራሷ ከጎራዴ ታሪክ ጋር አንድ የሚገርም ገጠመኝ አላት። እ.ኤ.አ. ጥር 1855 ጀጎል የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የለየለት የጎራዴ ስፖርት ሰው ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ጎራዴ ታሪክ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ታዲያ ይኸው ሊቅ ከሐረር ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ በርበራ ላይ ሌሊት ድንኳኑ ሲጠቃ በጦር ጉንጩን ከግራ ቀኝ ተበሳ። ጠባሳው እስከ ሞቱ አልለቀቀውም። ያን ሁሉ ያወቀ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ባሌስትራ የያዘው ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚያች ባሌስትራ ልናገር። ለጌጥ ተብለው የሚሰሩ ጎራዴዎች ትልቁ ችግር እጀታው ውስጥ ያለው ነው። በጥሩ የጃፓን ጎራዴ ብረቱ ሳይቆራረጥ ወደ እጀታው ይገባል፣ በቀርከሃ ችንካርም ይያዛል። በጌጡ ግን ቀጭን ዘንግ በብየዳ ይቀጠላል። በኃይል ስታወዛውዘው ከብየዳው ላይ ይሰበራል፤ ስለቱ ይበራል። የሚበረው ደግሞ ቆሞ ወደሚያየው ጓደኛህ ነው። ልጁን ይህን ስነግረው ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰና ዝም አለ።

ልጆቹን ግን አልወቅስም። የምወቅሰው ትልልቆቹን ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መድረክ ላይ አሰልጣኝ የተባለ ሰው ሐብሐብ በተማሪው ሆድ ላይ አስቀምጦ በስለት ሲቆርጥ አይቻለሁ። ተማሪው ልጅ ነው። ህዝቡ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ፤ ዛሬ ያፍረኛል። ያ ስፖርት አይደለም። የወጣቶችና ስፖርት ቢሮዎች ለማሰልጠኛዎች ፈቃድ ሲሰጡና ትርኢት ሲያዘጋጁ አንዲት ቀላል ነገር ይጠይቁ፦ ተማሪው ስለት ከመያዙ በፊት በእንጨት ስንት ጊዜ ተለማምዷል፣ ሁለት ሰው ሲማታስ ፊትና እጅ የሚከልል ነገር አለ ወይ? መልስ ከሌለ መሳሪያው ይቅር፤ ባዶ እጃቸውን ያሰልጥኑ። ወላጆችም የልጃችሁን ማዳበሪያ ፍተሹ።

"ታዲያ እኛ ሀገር ማን ያስተምረናል?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የኬንዶ መከላከያ ልብስ ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው። ግን መንገድ አለ። አይኪዶ ብዙ እንቅስቃሴው ከጎራዴ አያያዝ የተወረሰ ነው፣ ቦኬንና አጭር በትርም ይለማመዱበታል። "ሰምና ወርቅ" በሚለው እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው መጽሐፉ የምናውቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ራሱ የአይኪዶ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪሞት ድረስ በሀዋሳ አይኪዶ ለሚማሩ ወጣቶች ድጋፍ ካደረጉት አንዱ ነው። የጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለጀማሪዎች ዘጠኝ መሰረታዊ ልምምዶች አውጥቷል፤ የሚፈልጉት የእንጨት ጎራዴ ብቻ ነው።

ዩቲዩብስ? ለማየት ጥሩ ነው፣ ለማረም ግን አይችልም። በፊልም ያየ ልጅ እጀታውን በቀኝ እጁ ጨምድዶ እንደ መጥረቢያ ያወርዳል። ትክክለኛው ግን ግራ እጅ ከታች ጫፍ ላይ ሆኖ ኃይሉን ይይዛል፣ በተለይ ትንሿና ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ጣት፤ ቀኝ እጅ መንገድ ያሳያል እንጂ አይጎትትም። ይህን ስህተት ስልክህ አይነግርህም። ለብቻህ ብትለማመድ አየር መምታት ብቻ፣ ማንም በሌለበት፣ በእንጨት።

ርቀት የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ስቸገር ልጆቹ ራሳቸው ረዱኝ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅብ የሚያበላውን ሰው ሁሉም አይተዋል። ስጋውን በአጭር እንጨት ይሰቅላል፣ እንጨቱን በጥርሱ ይነክሳል፣ ጅቡ እስከምን ድረስ እንደሚመጣ ያውቃል። "ጎራዴውም እንደዚያ ነው?" አለኝ ትንሹ። አዎ፣ እንደዚያ ነው። ጃፓኖቹ "ማአይ" ይሉታል። በአንተና በተጋጣሚህ መካከል ያለውን ቦታ ማወቅ።

ቀርከሃ ቆርጠን ሺናይ እንስራ ላሉኝም መልሴ፣ ያለ ፊት መከላከያ አይሆንም የሚል ነው። ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ስንጣሪው ዓይን ይገባል፤ የኬንዶ ሰዎች ሁልጊዜ ከልምምድ በፊት ሺናያቸውን እየዳሰሱ የሚፈትሹት ለዚህ ነው። ለቦኬን ግን ወይራ አለን። ባህር ዛፍ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ልጁ ባሌስትራውን ወደ ማዳበሪያው መለሰ፣ ስልኬንም ወሰደ። ባለፈው ሐሙስ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳን አላስጨረሰኝም።

"አቦ፣ ወይራው ተገኝቷል። እርጥብ ነው ግን። ርዝመቱን ስንት ነበር ያልከኝ?"

"መቶ ሁለት ሳንቲም" አልኩት። "መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።"