ርዕስ የሌለው መልእክት

በስልክዎ ላይ ስንት የቴሌግራም ግሩፕ አለ? የወላጆች፣ የዕድር፣ የሥራ ባልደረቦች፣ የአብሮ አደጎች... ከሁሉም የሚከብደው ግን የቤተሰብ ግሩፕ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህት የእናታቸውን የሐኪም ቀጠሮና የመድኃኒቱን ዋጋ ጠዋት ትጽፋለች። ዋሽንግተን ያለው ወንድም በዚያ ሰዓት ተኝቷል። እስኪነቃ ድረስ አርባ «እንደምን አደራችሁ»፣ የክርስትና ፎቶና ቀልድ ይደረብበታል። ማታ «ለምን ዝም አልክ?» ስትለው፣ «መቼ ነገርሽኝ?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዩዝኔት የተሰኘውን የኮምፒውተር የውይይት መረብ ወጠኑ። እዚያ የሚላክ መልእክት የርዕስ መስመር ነበረው። የማንበቢያ ፕሮግራሞቹም መልእክቶችን በርዕስ ስለሚደረድሩ አንባቢው የሚፈልገውን ከፍቶ ሌላውን ያልፋል። ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ሲዞር አዲስ ርዕስ መጻፍና የቀድሞውን በቅንፍ ማስቀመጥ የጨዋ ደንብ ነበር።

ይህን ደንብ ወደ ቤታችን ማምጣት ይቻላል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግሩፕን በርዕስ የመከፋፈል አማራጭ አለው፤ የግሩፑ አድሚን ከማስተካከያው ውስጥ ይከፍተዋል። «ጤና»፣ «ገንዘብ»፣ «ሠርግና ለቅሶ»፣ «ጨዋታ» ቢባል ይበቃል። የጨዋታውን ድምፅ ዘግተው የጤናውን ክፍት መተው ይችላሉ።

መከፋፈሉ ካልተመቸዎት ከመልእክቱ ፊት #ጤና ብለው ይጻፉ። በኋላ ቃሉን ሲነኩት አቻዎቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። እዚህ ላይ የፊደላችን ነገር ይታሰብበት፦ አንዱ #ሠርግ ሌላው #ሰርግ ብሎ ከጻፈ ለእኛ አንድ ቢሆንም ለስልኩ ሁለት ቃል ነው። አንዱን አጻጻፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

መልስ ሲሰጡም የሚመልሱለትን መልእክት ይዘው «ሪፕላይ» ይበሉ። «እሺ» ብቻ ከተጻፈ ለቀጠሮው ይሁን ለቀልዱ ማን ያውቃል? ቀን የተቆረጠለትን ጉዳይ ከላይ ፒን ያድርጉት፤ ቀኑ ሲያልፍም ያውርዱት። መጻፍ የሚያዳግታቸው እናትና አባት በድምፅ ከላኩ፣ ከልጆቹ አንዱ ከሥሩ «የእማዬ የዓይን ቀጠሮ፣ ማክሰኞ» ብሎ ይጻፍ። ድምፅ በቃል ተፈልጎ አይገኝምና።

ሰላምታውና ቀልዱ ይቅር ማለቴ አይደለም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው «እንደምን አደርክ» የምትለዋ ቃል ራሷ ስንቅ ናት። የራሷ ቦታ ይኑራት፤ የእናት ቀጠሮም የራሱ። በዚህ ሳምንት ከቤተሰቡ አድሚን ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጡና አራቱን ርዕስ ክፈቱ።