«ታስሯል» ስለሚባለው ሙሽራ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው አገር ሙሽራው በሠርጉ ሰሞን ከሚስቱ ጋር መገናኘት ቢያቅተው «ታስሯል» ይባላል። አሳሪም አይጠፋለትም፤ ወይ የቀድሞ እጮኛ ናት፥ ወይ የተቀየመ ጎረቤት ነው። መፍትሔውም በክታብና በሥር ይገዛል። ይህን የሚያምን ያልተማረው ገበሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕራችንን ባላነሣን ነበር። ዳሩ ግን ቀን በቢሮ ማኅተም የሚመታው፥ በክፍል ውስጥ ስለ ደም ዝውውር የሚያስተምረው ሰው፥ ሲመሽ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ወደ መተተኛ ደጅ ሲሄድ አይተናል።

በዚህ እምነት እኛ ብቻ አይደለንም። በስፔን ምድር ኋላ አራተኛ ኤንሪኬ ተብሎ የነገሠው የካስቲል አልጋ ወራሽ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1453 ከናቫሯ ልዕልት ከብላንካ ጋር የነበረው ጋብቻ የፈረሰው በአስማት ታስሯል ተብሎ ነው። በዚያው ዘመን በእኛ አገር ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) ጠንቋይና መተተኛን ያሳድዱ ነበር፤ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ አልማሩም። ጭካኔውን አናወድስም። ነገር ግን ጥንቆላን «የአባቶቻችን ሃይማኖት ነው» እያሉ የሚሟገቱን ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት መልካም ነበር። ድጓን በቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ያቆየልንን ሊቅነት ከክታብ ሻጭ ጋር መቀላቀል ሊቃውንቱን መስደብ ነው።

«ክታቡን ካሠረ በኋላ ተፈታ እኮ!» ይሉናል። ሊሆን ይችላል። ብር አምባር እየተጠበቀ፥ ሚዜ ከደጅ ቆሞ እያዳመጠ፥ ወጣቱ ይፈራል፤ ፍርሃትም ሊሰፉ የሚገባቸውን የደም ሥሮች ያጠብባል። ታሰርሁ ብሎ ያመነ ተፈታሁ ብሎ ሲያምን ፍርሃቱ ይለቀዋል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ግን ክታብ አይሰሙም። ድካሙ ከስኳር የመጣበት ሰው ሥር ሲጠጣ ዓመት ቢያሳልፍ፥ በዚያው ዓመት ዓይኑና ኩላሊቱ ይጎዳሉ።

ከሁሉ የሚከፋው የሴቲቱ ዕጣ ነው። ልጅ ሲዘገይ መካን ተብላ፥ ባል ሳይመረመር ትፈታለች፤ ከመካንነት ግማሽ በሚያህለው ግን የወንዱም ድርሻ አለበት። የወለደቻቸው ሲሞቱባት ደግሞ «ሾተላይ አለባት» ይባልና የቅዱስ ሱስንዮስ ክታብ ከአንገቷ ይንጠለጠላል። በሕክምና ዘንድ ሾተላይ የሚባለው የደም አለመጣጣም ነው፤ መሠረቱ የሆነው አር ኤች የተባለው የደም ዓይነት በ1940 ታውቋል። የፅንሱ ደም ከእርሷ ጋር ሳይስማማ ወደ ሰውነቷ ሲገባ፥ ሰውነቷ መከላከያ ያበጅና የሚቀጥለውን ፅንስ ደም ያጠፋል። ይህን የሚያግድ መርፌ ከ1968 ጀምሮ አለ። ለማወቅም አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች።

መርፌው ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ክታብ ጻፊው የክርስትና ስሟን ጠይቆ፥ በቁመቷ ልክ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ እስኪጨርስ ሦስቱ ቀን ያልፋል።